የሰለጠነችውን ነርስ ከዋርዱ አታንሷት

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ደሴ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሰርቻለሁ። የምጽፈው ስለ ፓሊየቲቭ ኬር ነው፣ ከባድ በሽታ ላይ ያለ ሰው ስቃዩን ስለማስታገስ።

ስልጠናውን ሳልወስድ በፊት ናይት ሲደርሰኝ ገና ከቤት ስወጣ ሆዴ ይታወክ ነበር። የካንሰር ታማሚዎቹ ጋ ስደርስ ምን እንደምላቸው አላውቅም፣ ድሪፑን አይቼ ሙቀት ለክቼ ቶሎ እወጣለሁ፣ ከኋላዬ "ሲስተር" ሲሉኝ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ያሳፍረኛል ግን እውነቱ ይሄ ነው።

አምስት ቀን ሰለጠንን። የሚጠጣው ሞርፊን፣ ጠንካራው የህመም ማስታገሻ፣ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ በሽተኛው እስኪጮህ አይጠበቅም፣ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻውም አብሮ ይታዘዛል። እኛኮ ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽ ያቆማል እያልን ፈርተን ስንቱን አሰቃየነው!

ከዛ በኋላ ከወረባቦ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ይዛኝ "አደራ ሲስተር፣ ካንሰር ነው ብለሽ እንዳትነግሪያት" አለችኝ። ሌሊት በራሰ ጎዝ ከንፈራቸውን ሳረጥብ "ልጄ፣ እኔ አውቄዋለሁ እኮ፣ እሷ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩ" አሉኝ። ድሮ ቢሆን "አይዞዎ ይድናሉ" ብዬ እሸሽ ነበር። ያን ቀን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየቅኳቸው፣ የፈሩት ቤታቸው ሳይገቡ እዚህ መሞትን ነው። ጠዋት ፈቅደውልኝ ልጅቷን ጠራኋት፣ አብረው አለቀሱ፣ ከዛ መድሃኒታቸውን ይዘው ዱዓ አርገውልኝ ወደ አገራቸው ገቡ። እኔም ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስልጠና ሀዘን አያጠፋም፣ አሁንም አለቅሳለሁ፣ ግን መሸሹ ቀረልኝ። ጭንቀቴ የነበረው እሱ ነው ለካ።

የሚያናድደኝ ግን 6 ወር ሳይሞላኝ ሮቴሽን ተብዬ ሌላ ዋርድ ገባሁ፣ አብራኝ የሰለጠነችው ደግሞ ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ነች። አሁን ድሮ ዋርዴ ያሉት ነርሶች አልሰለጠኑም፣ አንዷን ባለፈው "ስራውን ልለቀው ነው" እያለች ስታለቅስ አገኘኋት፣ ያኔ እኔ የነበርኩበት ላይ ነች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይሄ ክብካቤ ከሚያስፈልገው 100 ሰው የሚያገኘው 14 ገደማ ነው፣ ያለነውን ጥቂቶች እንዲህ መበተን ምን ይባላል?

የጤና ኃላፊዎች ይሄን ካነበባችሁ፣ የሰለጠነ ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት እዛው ይቆይና ሌሎቹን ያሳይ፣ በየሺፍቱም አንድ አይጥፋ። ሞርፊኑም እንዳይቋረጥ አርጉልን፣ ሲያልቅብን ምን ማድረግ እንዳለብኝ እያወቅኩ ባዶ እጄን አልጋው አጠገብ መቆም ከድሮውም ይብሳል።

አንዲት ነርስ፣ ከደሴ