ማልቲ ኢፌክት ልትገዙ ስትሄዱ ጊታራችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር እየደጋገመ ስለገጠመኝ ነው። ተማሪዎቼ፣ አንዳንዴም ወላጆቻቸው፣ ያጠራቀሙትን ብር አውጥተው ማልቲ ኢፌክት የሚባለውን የጊታር ድምፅ መቀየሪያ ይገዙና “ድምፁ እንደ ቪዲዮው አልሆነም” ብለው ያመጡልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ምንም አልሆነም። ወይ ለሌላ ሥራ የሚሆን ነው የተገዛው፣ ወይ ያለቦታው ነው የተሰካው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር ከተወደደ ጀምሮ ደግሞ እንዲህ ያለ ስህተት በጣም ያማል።

ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። ዱሮ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን፣ የሚያስለቅሰው ዋዋ፣ አንዱን ጊታር ብዙ የሚያስመስለው ኮረስ፣ እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመው ዲሌይ፣ የአዳራሽ ማስተጋባት የሚሰጠው ሪቨርብ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፔዳል፣ ማለትም በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ነበር። ማልቲ ኢፌክት እነዚህን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባል፤ የአሁኖቹ የአምፕሊፋየርና የስፒከር ድምፅም ያስመስላሉ። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት “ይሄኛው 200 ድምፅ አለው” የሚለውን ነው። እኔ ሠርግ ላይ አምሽቼ የምጠቀመው አራት ድምፅ ነው። አንድ ንጹህ፣ አንድ ሻከር ያለ፣ አንድ ለሶሎ፣ አንድ ዋዋ፤ በቃ። በ1960ዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ የተቀረጹትን ሸክላዎች ስሙ፤ ያ የሚያለቅሰው ጊታር ከአንድ ዋዋ ፔዳል የወጣ ነው።

መጠየቅ ያለበት ድምፁ በምን ይወጣል የሚለው ነው። አንድ ተማሪዬ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ልጅ ነው። መሣሪያውን በገዛ በመጀመሪያው እሁድ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰካው። ዲስቶርሽኑን ሲረግጥ ድምፁ እንደ ተቆጣ ንብ ጮኸ። ልጁ ደንግጦ ቮልዩሙን ዘጋና የቀረውን መዝሙር ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ጨረሰ። ማክሰኞ ሲያመጣልኝ ከፍቼ አየሁት፤ የስፒከር ማስመሰያው ጠፍቷል። አንድ ቁልፍ ነው፣ ከፈትኩት፣ ተስተካከለ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አያወጣም፣ ዲስቶርሽን ለጆሮ የሚጥመውም በዚህ ምክንያት ነው። ሚክሰርና የአዳራሽ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣሉ፣ ስለዚህ ያንን የሚቆርጥ ማስመሰያ የግድ ያስፈልጋል። በጊታር አምፕ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማስመሰያውን ካልዘጋችሁት ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ያህል ይታፈናል። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩና ማታ ለምትለማመዱ የሄድፎን ቀዳዳ ያለው ያዋጣችኋል፣ እሱም ላይ ማስመሰያው መከፈት አለበት።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ነገር ሃርሞናይዘሩ ነው። በምትመቱት ኖታ ላይ ሁለተኛ ድምፅ ይጨምራል፣ ማስታወቂያው ላይ ሲሰማ ልብ ይሰርቃል። ግን የሚያሰላው ባለ ሰባት ኖታ በሆነው ሜጀርና ማይነር ስኬል ነው፣ የእኛ ቅኝት ደግሞ ባለ አምስት ነው። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብትጀምሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። መሣሪያውን ዶ ሜጀር ላይ አድርጋችሁ በሦስተኛ ሃርመኒ፣ ማለትም ከምትመቱት ኖታ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለውን እየጨመረ፣ ስትጫወቱ ዶ ላይ ሚን ይጨምርላችኋል፣ እሱ ጥሩ ነው። ሬ ላይ ግን ፋን፣ ሶል ላይ ደግሞ ሲን ያስገባል፣ ሁለቱም ትዝታ ውስጥ የሉም። ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳን ወዲያው “ምን ነካው?” ይላል። አንቺሆዬ ላይማ ይብሳል፣ ከየትኛውም ሜጀር ስኬል ጋር አይገጥምም። ኖታውን ራሳችሁ የምትመርጡበት መሣሪያ አለ፤ ሃርመኒ የምትወዱ ከሆነ ሻጩን ይህንን ጠይቁት።

ዲሌዩም እንደዚያው ነው። ችክችካ 6/8 ነው፣ አንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ዘፈን አንዱ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ አንዱ ክፋይ ደግሞ 167 ገደማ። ዲሌዩን 250 ላይ፣ ማለትም ምቱን ለሁለት በሚከፍል ቦታ ላይ፣ ከተዋችሁት ከከበሮው ጋር ይጣላል። ስለዚህ በእግር እየመታችሁ ፍጥነቱን የምትነግሩበት፣ ታፕ ቴምፖ የሚባለው ነገር ያለው ግዙ። ባንዱ በሞቀ ቁጥር ፍጥነት ስለሚጨምር ቁጥሩን አንዴ ሞልቶ መተው አያዋጣም።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ የምታስመጡ ደግሞ አዳፕተሩን እዩልኝ። የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝን መሣሪያ በጉጉት ሳሎን ውስጥ ሰካሁት፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። አዳፕተሩ የሚሠራው በ120 ቮልት ብቻ ነበር፣ የእኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ካልተጻፈ አትሰኩት። ያገኛችሁትን አዳፕተር በምትኩ መሰካትም አደጋ አለው፤ አብዛኛው የጊታር ፔዳል 9 ቮልት ሆኖ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ ነው፣ ሌላው ዕቃ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። አምፔሩም ይለያያል። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤችኤክስ ስቶምፕ የሚባል ማልቲ ኢፌክት 3 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ይፈልጋል፣ የተለመደው የፔዳል አዳፕተር አይችለውም።

ለጀማሪ ዙም ጂ1 ፎር ወይም ቦስ ጂቲ 1 ይበቃዋል ባይ ነኝ። ሁለቱም ግድግዳ ሰዓት ውስጥ እንደሚገባው ባሉ አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ይሠራሉ፣ መብራት ሲጠፋ ልምምድ አይቋረጥም። ዋዋ የምትወዱ ጂ1 ፎርን ሳይሆን ጂ1ኤክስ ፎርን ውሰዱ፤ ዋዋውን በእግር ወደፊትና ወደኋላ የምታስኬዱበት ፔዳል ያለው እሱ ላይ ነው። የላይን 6ን ሂሊክስ የመሰለ ትልቅ መሣሪያ መድረክ ላይ ለሚውል ባለሙያ ይሁን።

ለሱቅ ባለቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ገዢው በራሱ ጊታር አሥር ደቂቃ ይሞክር። “ካርቶኑ ከተከፈተ መግዛት አለብህ” የሚል ነገር ብዙ ልጅ ጎድቷል። አንድ ማሳያ ተከፍቶ ቢቀመጥ፣ አጠገቡ አንድ አምፕና አንድ ትንሽ ሚክሰር ቢኖር፣ ልጁ ሁለቱም ላይ ሰክቶ ልዩነቱን በጆሮው ይሰማና የሚሆነውን ይዞ ይሄዳል። እናንተም በጥበብ ገጻችሁ ላይ ለሙዚቃ መሣሪያ ትንሽ ቦታ ብትሰጡ የሚጽፍ ባለሙያ አይጠፋም። እኔም ብጠየቅ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጊታር አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ