ለልጄ፦ ዲፓርትመንት ከመምረጥህ በፊት

ለውድ ልጄ ለአቤል፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማም እንደተውካት ናት፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ባጃጁ መንገዱን ይዞታል። አባትህ ጨው ቀንስ ቢባልም አልሰማ ብሏል። እህትህ የአንተን ክፍል ወርሳ የመስኮቱን መጋረጃ ለውጣዋለች፤ ስትመጣ እንዳትጣሉ ከአሁኑ ልንገርህ ብዬ ነው።

ባለፈው በስልክ «ሲኒየሮቹ አካውንቲንግ ሞልቷል፣ ሥራ የለውም፣ ማኔጅመንት ሙላ አሉኝ» ያልከኝን ሳሰላስለው ሰነበትኩ። በስልክ ልመልስልህ ብል «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ብለህ ታልፈኛለህ። ስለዚህ ተቀምጠህ የምታነበው ልጻፍልህ አልኩ።

ሲኒየሮችህ ልክ ያሉት አለ፣ መጀመሪያ እሱን ልቀበል። ተመራቂው ብዙ ነው። የመንግሥቱም የግሉም ኮሌጅ አካውንቲንግ ያስመርቃል። እኛ ዱቄት ፋብሪካ አንድ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ ሲለጠፍ ማመልከቻው የሚሰበሰበው በካርቶን ነው። «0 ዓመት ልምድ» የሚል ሲገኝማ አይጣል ነው። የመግቢያ ደመወዙም ቤት ተከራይተህበት ለእኔ የሚተርፍ አይምሰልህ።

እነሱ የማያውቁት ግን ያ ካርቶን ሲከፈት የሚሆነውን ነው። ለፈተና የተጠሩትን የምፈትነው እኔ ነኝ። ዴቢትና ክሬዲቱን አብዛኛው እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣዋል። የባንክ ስቴትመንትና የእኛን ሌጀር፣ ማለት የሒሳብ መዝገባችንን፣ ፊቱ አስቀምጬ «እነዚህን አስታርቅልኝ» ስለው ነው የሚያልበው። ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ እኛ ገና አልመዘገብነውም። እኛ የጻፍነውን ቼክ የተቀበለው ሰው ገና ባንክ አልወሰደውም። አንድ ቦታ ደግሞ ሆን ብዬ 5,640 ብርን 5,460 አድርጌ አስገብቼበታለሁ። ልዩነቱ 180 ብር ነው። እጁ የለመደ ሰው 180ን ሲያይ ለ9 ይካፈል እንደሆነ ይሞክራል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ሳይለዋወጡ እንዳልቀረ ይጠረጥርና ቀጥታ እሱን ይፈልጋል። ያልለመደው ከሰዓቱን ሙሉ ደረሰኝ ሲያገላብጥ ይመሽበታል። ይህን እኔም ኮሜርስ ኮሌጅ ተምሬ አይደለም ያወቅኩት፤ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሒሳብ ሹም ናቸው ያሳዩኝ።

ዲግሪ የያዘው ሞልቷል። ወር ሲያልቅ ሒሳብ ዘግቶ የሚያስረክበኝ ሰው ግን እስካሁን እንደቸገረኝ ነው። እኔ ሰንጋ ተራ ኮሜርስ በተማርኩበት ጊዜ ዲፕሎማ ይዞ የወጣ ሰው ሥራውን ሥራ ቦታ እስኪለምድ ይታገሡት ነበር። ዛሬ ማንም አይታገስህም፤ ለምደህ ና ይልሃል።

ማኔጅመንትን አልንቅም። ነገር ግን በ22 ዓመቱ ፋብሪካ አስተዳድር ተብሎ የሚሰጠው ልጅ አላየሁም። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው ከመካኒክነት ነው የተነሱት። ኢኮኖሚክስ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ለሚወድ ጥሩ ትምህርት ነው፤ አንተ ከማትስ መጽሐፍ ጋር እንዴት እንደነበርክ ግን እኔና አንተ እናውቃለን። ማርኬቲንግ እህትህን ይመስላል፤ እሷ ድንጋይም ትሸጣለች።

ሎጂስቲክስ አማራጩ ውስጥ ካለ ግን ቆም ብለህ አስብበት። አንተ እኮ የአዳማ ልጅ ነህ። የጅቡቲ መኪና ጥሩምባ እየሰማህ ነው ያደግከው፤ ባቡሩም በ2010 ሥራ ሲጀምር ልናይ ሄደን ነበር። የሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገባችን ነው። ባለፈው ለወፍጮው ያስመጣነውን መለዋወጫ ልንገርህ። ባንክ ኤልሲ፣ ማለት ባንኩ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ ተከፈተ፤ ዕቃው ተጭኖ ጅቡቲ ደረሰ፤ ከዚያ ሞጆ፤ ከዚያ ጉምሩክ፤ ከዚያ እኛ ግቢ። የዕቃው ዋጋ ለብቻ ነው፣ የመርከብ ጭነቱ ለብቻ፣ ኢንሹራንሱ፣ ቀረጡ፣ ጉምሩክ ላይ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው የትራንዚተሩ፣ የመኪናው ኪራይ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው ዕቃው ስንት እንደፈጀ የሚታወቀው። በዚያ ላይ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ኤልሲው በተከፈተበት ቀን የነበረው ምንዛሪና ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ያለው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የት ይመዝገብ? ዕቃው ዋጋ ላይ ይደመር ወይስ ለብቻው ኪሳራ ይሁን? ይህን የሚመልስልኝ ልጅ ቢመጣ ስንት ይከፈለው ብለው አለቆቼ አይጨቃጨቁኝም ነበር።

አሁን ወደ ባንክ ልምጣ፤ አባትህ እንደሆነ ከባንክ ሌላ ሥራ አይታየውም። ባንክ ጥሩ ነው። ግን ካውንተር ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ ጠይቀህ እወቅ። ከመቀጠርህ በፊት ዋስ አምጣ ትባላለህ፤ ማታ ገንዘቡ ጎደለ ማለት ደግሞ ከራስህ ኪስ መተካት ሊመጣ ነው። ቴሌብር በ2013 ከገባ ወዲህና የባንኮቹም መተግበሪያ ከተለመደ ወዲህ ደግሞ ለመላክና ለመክፈል ባንክ የሚሰለፈው ሰው እየቀነሰ ነው፤ እኔ ራሴ ለአንተ ለመላክ ከወንበሬ አልነሳም። ስለዚህ ባንክ ካልክ ከካውንተሩ ጀርባ ያለውን አስብ፦ ብድር የሚገመግመውን፣ ከውጭ ባንኮች ጋር የሚጻጻፈውን፣ የውስጥ ኦዲቱን። በ2017 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ፈቅዷል። እነሱ ሲመጡ የሚፈልጉት ብር ቆጣሪ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያውም ሥራ ጀምሯል። አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ የፈለገ ድርጅት ሒሳቡን አስመርምሮ በአደባባይ ማሳየት አለበት። ከዚያ በፊትም የ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 847 ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ እንዲሠሩ አስገድዷል። ለዚህ ነው ኦዲት ቢሮ ብትጀምር ደስ የሚለኝ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ከከተማ ከተማ ያንከራትታል፣ በሥራ ወቅት እንቅልፍ የለም። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ብቻ ነው ያየሁት፤ አንተ ግን የሆቴሉንም፣ የትራንስፖርቱንም፣ የገበሬ ዩኒየኑንም መዝገብ ታገላብጣለህ።

ኤሲሲኤ ስላልከው፣ ያ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያ ማረጋገጫ፣ ከፈለግከው እደግፍሃለሁ፤ ግን አሁን አይደለም። ሙሉው 13 ፈተና ነው፤ በዲግሪህ እስከ 9 ሊነሳልህ ይችላል፤ ከፈተናው በተጨማሪም 3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ክፍያው የሚተመነው በፓውንድ ስለሆነ ብር ሲወርድ እሱ ይወጣል። ደመወዝ ይዘህ ጀምረው፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤትም ይከፍላል።

ኮምፒውተሩ ሥራውን ይወስደዋል የሚሉህንም ሰምቻለሁ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የገባ ጊዜም እንዲሁ ተብሎ ነበር። መደመሩን ወሰደልን፣ ተገላገልን። ደረሰኙ ሐሰተኛ መሆኑን የሚጠረጥር፣ ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያስረዳ ሰው ግን ያኔም ያስፈልግ ነበር፣ አሁንም ያስፈልጋል።

የመውጫ ፈተናውን ዝግጅት ለአራተኛ ዓመት አታቆየው። ከ2015 ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፤ አራት ዓመት ተምረው እዚያ ላይ የቀሩ የሰፈር ልጆች አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም። ጥያቄው ከመነሻ ኮርሶችም ይመጣል፤ ስለዚህ የፈንዳሜንታል ኦፍ አካውንቲንግ ኖትህን ዶርም ጥለኸው እንዳትመጣ። ኤክሴልንም ከወዲሁ ልመድ፤ ቪሉካፕና ፒቮት ቴብል ከማታውቅ ልጅ ጋር ማውራት አልፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቅህ አድርጌያለሁ። ፖስታ ቤት አካባቢ የሒሳብ መዝገብ የምትይዝ ጓደኛዬ ጋ ለክረምት እንድትገባ ተነጋግሬልሃለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መዝገብ የሚይዙት ነጋዴዎች ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ቢሮዋ በደረሰኝ ከረጢት ይጨናነቃል፤ የአንተም እረፍት ያኔ ነው። ደመወዝ የለውም፣ የምሳና የባጃጅ ትሰጥሃለች። ቫት 15 በመቶ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ የትኛው ደረሰኝ ተቀባይነት እንዳለው፣ የትኛው ቲን ቁጥሩ ተሳስቶ እንደሚመለስ እዚያ ታየዋለህ። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ የሚቆረጥበትን የደመወዝ ፔሮልም በእጅህ ትሠራለህ። አባትህ «ልጁ ይረፍ» ብሏል፤ አልሰማሁትም።

እንግዲህ የምትማረው አንተ ነህ። እኔ ብሆን አንደኛ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ ሁለተኛ ሎጂስቲክስ እሞላ ነበር። ማኔጅመንት ውስጥህ ካለ ሙላ፤ ሲኒየር ስለነገረህ ግን አይደለም። ጂፒኤህ ምርጫህን ስለሚወስነው ደግሞ ይህን ሴሚስተር በደንብ ዝጋው።

ብሩን በቴሌብር ልኬልሃለሁ። በሶና ቆሎውን ሹፌሩ ሐሙስ ያደርስልሃል፤ ለዶርም ጓደኞችህም ይበቃል። ፎርሙን ከማስገባትህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ስትደውል ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የወር መጨረሻ ነው፣ ሒሳብ እየዘጋን ነው።

እናትህ
አዳማ