የሒሳብ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ጎነ ሦስት

ዘንድሮ የሒሳብ ክበባችን የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎነ ሦስት ስፋት። ልጆቹ ሰልችቷቸው ይጠፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር በምንጋራው ክፍል፣ በዚያ የድምፅ ማጉያ ጩኸት መሀል፣ ረቡዕ ረቡዕ ከች ሲሉ ግን ገረመኝ።

ጥቅምት ላይ ቀመር ከለከልኩ። ስፋት ሲባል ሁሉም «መሠረት ሲባዛ በከፍታ፣ ሲካፈል ለ2» ይላል፤ ከፍታው ካልተሰጠው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኛ ምንም ሳንለካ በጥምርታ ብቻ እናወዳድር አልን።

መጀመሪያ የሦስቱን ጎኖች አጋማሽ አገናኝተን መሀል ላይ ትንሽ ጎነ ሦስት ሠራን። የትልቁ ስንት እጅ ናት? «ግማሽ!» አሉ። ጎኖቿ ግማሽ ናቸዋ! አንዷ ተማሪ ሽምብራ አመጣችና ወለሉ ላይ በጠመኔ በሳልነው ላይ ደርድረን ስንቆጥር ሩብ አካባቢ ወጣ። (ሽምብራው ታጥቦ ተቆልቷል።)

ከሁሉ የከበደን የግንቦቱ ጥያቄ ነው። በአንድ አቅጣጫ እየዞራችሁ እያንዳንዱን ጎን 1 ለ 2 የሚከፍል ነጥብ አድርጉ፣ ነጥቡንም ፊት ለፊቱ ካለው ጫፍ ጋር አገናኙ። ሦስቱ መስመሮች መሀል ላይ የሚያጥሯት ጎነ ሦስት ስንት እጅ ናት? 1/9 ያላለ የለም። እኔም ድሮ እንደዚያው ብያለሁ።

መፍቻው የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ በስድስተኛው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ነው፤ የሁለት ጎነ ሦስቶች ከፍታ እኩል ከሆነ የስፋታቸው ጥምርታ የመሠረታቸው ጥምርታ ነው። ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱ የሚቆራረጡበትን ነጥብ ከሦስቱም ጫፎች ጋር ስናገናኘው ትልቁ ጎነ ሦስት ለሦስት ተከፈለ፣ አንዱ የሌላው እጥፍ፣ ያም የሌላው እጥፍ፣ ማለትም 1 ለ 2 ለ 4፣ ድምሩ 7። ስለዚህ የ2ቱ ድርሻ 2/7 ነው። በሌሎቹ ሁለት መገናኛ ነጥቦችም እንደዚያው ስለሆነ፣ በመሀለኛዋ ዙሪያ ሦስት 2/7 ቁራጮች ግጥም ብለው ይቀመጣሉ። 6/7 ሄደ፤ 1/7 ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ «ሰባት ከየት መጣ?» ብሎ ተነሣና ራሱ አስረዳን።

የ8ኛ ክፍሎቹ ለሚኒስትሪ ፈተና ሲሄዱ ሰሌዳው ላይ «1 ለ 3 ቢሆንስ?» ብለው ጽፈው ነበር፤ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ጠረጉት። መልሱ 4/13 ነው። እንዴት እንደመጣ የሚያሳየኝ ካለ መስከረም ላይ ይምጣ፤ ጠመኔ ግን ይዞ።