ሕመም የማይነግረው ቁስል

ክቡር አዘጋጅ፦

ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ የዊልቸር ተጠቃሚ፣ ሌላው ሰው ሳያስበው አቀማመጡን እንዲቀይር የሚያስገድደው የሕመም ስሜት ብዙ ጊዜ ስለማይደርሰው፣ በመቀመጫ አጥንቱ ሥር የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ መጎዳት ሲጀምር አያውቅም። ወንድሜ መቁሰሉን የተረዳው ሱሪው ላይ ባየው እርጥብ ነጠብጣብ ነበር፤ ለመዳንም ወራት ፈጅቶበታል። የዊልቸር መቀመጫ ትራስ ላይ የሚነጠፉ የግፊት ሴንሰሮች (ጫናን የሚለኩ መሣሪያዎች) ጫና የበረታበትን ቦታ በስልክ ላይ በቀለም ለይተው ያሳያሉ፣ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይም ያስጠነቅቃሉ። ይሁን እንጂ በክንድ ተደግፎ ለጥቂት ሰከንድ ብድግ ማለት ደሙን በወጉ ስለማይመልሰው፣ ወደ ፊት አጎንብሶ እስከ 2 ደቂቃ መቆየት ይመከራል። ስለዚህ መሣሪያው ማስጠንቀቅ ብቻ ሳይሆን ጫናው በእርግጥ መነሣቱንና ለምን ያህል ጊዜ እንደተነሣ መመዝገብ ይኖርበታል። ከዊልቸሩ ጋር አብሮ እንዲሰጥም አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ