ጭማሪውን አትሽሹት

ለአዘጋጁ፣

«ደመወዜ ከ14 ሺሕ ካለፈማ 35 በመቶ ሊቆርጡኝ ነው፤ ጭማሪው ይቅርብኝ» የሚል ሠራተኛ ዛሬም አይጠፋም። 35 በመቶው ግን የሚያርፈው ከ14,000 ብር በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው።

በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ፋይናንስ ክፍሎች እርከን በእርከን አይደምሩም። ጠቅላላውን በላይኛው ምጣኔ ያባዙና «ቅናሽ» የሚባል የተወሰነ ብር ይቀንሳሉ፤ በ30 በመቶው እርከን 1,350፣ በ35ቱ ደግሞ 2,050።

14,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 2,850፣ 7 በመቶ ጡረታው 980 ነው፤ እጁ የሚገባው 10,170 ይሆናል። ደመወዙ 14,500 ሲደርስ ግብሩ 3,025፣ ጡረታው 1,015 ሆኖ 10,460 ይወስዳል። ከ500 ብሩ 290 ተረፈው። ብዙ አይደለም፤ ኪሳራ ግን አልገጠመውም።

የዚሁ የ14,500 ተከፋይ ግብር 3,575 ሆኖ ከመጣ፣ ፔሮሉ ውስጥ የቀድሞው የ1,500 ብር ቅናሽ ሳይቀየር ቀርቷል ማለት ነው። በወር 550 ብር ይበላል። በተቃራኒው ራሱ አስልቶ 2,695.50 ካገኘ፣ የተሳሳተው እሱ ነው፤ መጀመሪያ ጡረታውን ቀንሶ በቀረው ላይ ግብር አስልቷል። የሠራተኛው 7 በመቶ ከግብር በፊት አይቀነስም።

ትርፍ ሰዓትም ያደናግራል። ይኸው የ14,500 ተከፋይ የ1,000 ብር ትርፍ ሰዓት ቢሠራ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ስለሚከፈልበት 350 ይቆረጣል። ጡረታ የሚሰላው ግን በመደበኛ ደመወዝ ስለሆነ 1,015ቱ ንቅንቅ አይልም።

ለግል ድርጅት ሠራተኞች አንድ ልጨምር። የአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ ከአሠሪው ካዝና እንጂ ከሠራተኛው ደመወዝ አይወጣም። ከ14,500 ብር ደመወዝ በጡረታ ስም 2,610 ብር ተቆርጦ ካያችሁ 18 በመቶውን በሙሉ እናንተ ላይ ጭነውታል።

ይህን ሁሉ ለማየት ጠቅላላ ደመወዝ፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ፣ ግብርና ጡረታ ለየብቻ የተጻፉበት የደመወዝ ወረቀት ያስፈልጋል። ባንክ ገባ ብሎ የሚመጣ የስልክ መልእክት የተጣራውን እንጂ ስሌቱን አያሳይም። ወረቀቱን በየወሩ ጠይቁ፤ የግብሩ ስሌት ካልገጠመ የምትጠይቁት ጥያቄ «ቅናሹ ስንት ነው የገባው?» የሚለው ነው።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ