በጣና ገባር ወንዞች መግቢያ ያለው የዓሣ ጥበቃ ለአስጋሪዎቹ ይሰጥ፦ ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ግብርና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የጣና ገባር ወንዞች መግቢያ የዓሣ ጥበቃ ለአካባቢው አስጋሪዎች በሕግ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ክረምት በገባ ቁጥር፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ በጣና ዳርቻ «ነጭ ዓሣ» የምንለው ወገን ከሐይቁ ተነሥቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣል። ጠጠር ወዳለባቸው የላይኛው ገባሮች ከመዝለቁ በፊት ግን ወንዙ ከሐይቁ በሚቀላቀልበት ጠባብ ቦታ ይሰበሰባል፤ መረብም የሚጠብቀው እዚያው ነው። በሌላው ጊዜ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ውኃ ላይ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ በእነዚህ ሳምንታት በአንድ በር ስለሚያልፍ፣ ማታ ተዘርግቶ ንጋት ላይ የሚነሣ አንድ መረብ እንቁላል የቋጠሩትን እናቶች ጠርጎ ሊያወጣ ይችላል። ከወንዞቹ ላይ ደግሞ ዓሣን የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ በውኃው ላይ የሚበትን አለ፤ ብርብራውም ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

ይህ ዓሣ እንደ ቀረሶና እንደ አምባዛ በየሐይቁ የሚገኝ አይደለም። የጣና ነጭ ዓሣ ከ15 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ውጭ የማይገኙ ቤተሰብ ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ቤተሰብ በሰው እጅ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የእኛም ቢሆን ከደኅንነት ርቋል፤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመምጣቱ በፊት፣ በደንገል ታንኳ ከዳርቻ ብዙም ሳይርቅ የሚያሰግር ሰው ይህን ያህል ጉዳት የማድረስ አቅም አልነበረውም።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክልሉም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። የታጣው ሌሊት መረብ ሲዘረጋ በቦታው የሚገኝ ጠባቂ ነው። ጥቂት ባለሙያ ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ጀልባና ነዳጅ ቢኖረው እንኳ፣ አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ክረምቱን ሙሉ በወንዝ ዳር ሊያድር አይችልም። በዚያ የሚያድረው አስጋሪው ራሱ ነው፤ እርሱ ደግሞ መረቡን ቢሰበስብ ማግሥቱን ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሰው በዚያው ቦታ እንደሚዘረጋ ስለሚያውቅ፣ መታቀቡ ለሌላው ሲሳይ ከመተው የተለየ ትርጉም አይኖረውም። ፈቃድ ማደል ብቻውን ይህን አይፈታም፤ ባለፈቃዱ የሚያሰግርበት ውኃ የእርሱ ኃላፊነትና የእርሱ መብት መሆኑ በጽሑፍ ሊሰፍርለት ይገባል።

ይህ ለክልላችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሣር ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረው ባለመብቶቹ በመረጡት አለቃ፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በጋራ ውሳኔ በመክፈት፣ የጣሰውንም በመቅጣት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ ማኅበረሰቡ መልሶ በኮሚቴ ሲደራጅ ጥበቃውም ተመለሰ። ዓሣ እንደ ሣር በአንድ ቦታ የሚቆም አለመሆኑን አውቃለሁ፤ በእነዚያ ጥቂት ወራት በወንዝ መግቢያ ላይ ግን ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ቢሮው በመመሪያ የእያንዳንዱን ዋና ገባር መግቢያ ወሰን ለይቶ፣ በዚያ የሚያሰግሩት ራሳቸው ለሚመርጡት ኮሚቴ ጥበቃውን እንዲሰጥ፣ የሚያወጡትን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያጸድቅ፣ ሕገ ወጥ መረብ ሲይዙም ቀበሌውና ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የሚቀበሉበትን መንገድ እንዲያበጅ እጠይቃለሁ። ጉማራን የመሰለ በሁለት ወረዳዎች መካከል የሚወርድ ወንዝ ሁለት ኮሚቴ ሳይሆን አንድ የጋራ ኮሚቴ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ አንዱ ዳር ሲዘጋ ሌላው ዳር ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ክልከላው ሐይቁን በሙሉ የሚዘጋ መሆን የለበትም። በፎገራ ያለው አስጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ሩዝም የሚያመርት ገበሬ ስለሆነ ክረምቱን በማሳው ላይ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ከጥንት ጀምሮ ኑሮው ከሐይቁ ጋር የተሳሰረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስበት ማሳ የለውም። መግቢያዎቹና ወንዞቹ ተዘግተው፣ በተፈቀደ መረብ ከመግቢያው ርቆ ቀረሶና አምባዛ ማስገር ሊፈቀድ ይገባል። ኮሚቴው የባለሞተሮች ማኅበር ብቻ ሆኖ እንዳይቀርም የባለታንኳዎችና ዓሣ ገፍፈው የሚሸጡ ሴቶች ወንበር በደንቡ ይጠበቅ።

ስለ ገበያውም ጥቂት ልጨምር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በፍልሰታ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ፍልሰታ ደግሞ የሚውለው ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣበት በነሐሴ ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በባሕር ዳርና በጎንደር ገበያዎች እንቁላል የቋጠረ ነጭ ዓሣ እንዳይሸጥ ቁጥጥር ቢደረግ፣ የመረብ ጠባቂው ሥራ በግማሽ ይቀልለታል።

ሁሉንም ወንዞች በአንድ ክረምት ማዳረስ ከባድ ከሆነ፣ በጉማራ ተጀምሮ የሚያዘውን ዓሣ ዓይነትና መጠን ኮሚቴው ራሱ እንዲመዘግብ፣ መዝገቡም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይደረግ። መመሪያው ከሰኔ በፊት ካልወጣ ግን የሚቀጥለውም ክረምት እንዳለፉት ያልፋል፤ ቢሮው የደረሰበትን ውሳኔ ለአስጋሪዎቹ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከጣና ዳርቻ ነዋሪዎች አንዱ