ጣሪያ ላይ የተረሳው ትልቁ ዲሽ ለሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይፈለጋል

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልዲያ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ጓሮ የተጣለ ትልቅ ዲሽ ካላችሁ ለቁራሌው አትሽጡት። በሦስቱም ከተሞች የተማሪዎች ሬዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ማለትም ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ፣ ልናቆምበት ነው።

መንገዱ የተፈተነ ነው። ጋና ኩንቱንሴ ላይ ሥራ ያቆመውን 32 ሜትር የቴሌኮም አንቴና ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ጋር ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጣ እ.ኤ.አ. በ2017 አስመርቃለች። የወሎ ልጆችም እንዲህ ባለው ትብብር የሚገቡት የሰማዩን ምልክት ከምድሩ ጫጫታ መለየት ሲችሉ ነው፤ ያ ደግሞ በንባብ ብቻ አይመጣም።

የምንቀበለው በጠፈር ያለው የሃይድሮጅን ጋዝ የሚልከውን የ1420.4 ሜጋኸርዝ ምልክት ነው። ሞገዱ 21 ሴ.ሜ. ስለሚረዝም ዲሹ 1 ሴ.ሜ. ያህል ቢጎደጉድ አይጎዳንም፤ ለቴሌቪዥን ያልሆነው ለእኛ ይሆናል። ስፋቱ ግን ከ1.8 ሜትር አይነስ። ደመና ስለማያግደው ክረምቱንም እንሠራለን፤ ውሃ እንዳይገባ ማገናኛዎቹን በላስቲክ ቴፕ አጥብቆ መጠቅለል ነው።

የዲሹ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ምልክት ተቀባይ ራስ) ለዚህ ፍሪኩዌንሲ አይሠራም። በምትኩ 15.5 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የዱቄት ወተት ጣሳ ከቂጡ 8.8 ሴ.ሜ. ላይ ይበሳና 5 ሴ.ሜ. ያህል የመዳብ ሽቦ ይገባበታል። ማጉያው እዚያው ጣሳው ላይ ይታሰር። ታች ኮምፒውተሩ አጠገብ ከሆነ ደካማውን ምልክት ኬብሉ አስቀድሞ ይበላዋል። ማጣሪያም የግድ ነው፤ የሞባይል ምሰሶ ተቀባዩን (ምልክቱን ለኮምፒውተሩ የሚያቀብለውን ዕቃ) ያደነቁረዋል። ርካሽ ተቀባይ አንገዛም፦ ፍሪኩዌንሲውን የሚለካበት ክሪስታል ከሚሊዮን 50 ቢዛነፍ ፍሪኩዌንሲው 71 ኪሎኸርዝ ይስታል፣ ከፍሪኩዌንሲው የምናሰላው የጋዙ ፍጥነትም በሰከንድ 15 ኪሎ ሜትር ይሳሳታል።

ሦስት ጣቢያ የፈለግነው በምክንያት ነው። አንዱ ጋ ብቻ የታየ ምልክት የሰፈር ጣልቃ ገብነት ነው ብለን እንጠረጥራለን። የሰማዩ በሦስቱም ይታያል፣ በየቀኑም 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል።

የሚያስፈልገን ሦስት ዲሽ፣ ሦስት ማጉያ ከነማጣሪያው፣ ሦስት የዩኤስቢ ተቀባይ፣ ሦስት ያገለገለ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ሦስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ማጉያና ተቀባይ ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ውጭ ያላችሁ የወሎ ልጆች ለበዓል ስትመጡ በሻንጣችሁ ብትይዙልን ትልቅ ውለታ ነው፤ መዳፍ አይሞሉም። ብየዳ ቤት ያላችሁ የማቆሚያውን ብረት በይዱልን። ገንዘብ የምትሰጡ፣ ለየትኛው ዕቃ እንደሚውል የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ዲሹን መጥተን የምናወርደው እኛ ነን። ብሎኑ ዝጎ ከሆነ አትታገሉት፤ ጠርዙ ይጣመማል።